አበባው ያምራል፤ ሥራህ ግን የታለ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ድሬዳዋ ውስጥ የግቢ ማስዋብ ሥራ እሠራለሁ። አብዛኛው የመኖሪያ ቤት ነው፤ አልፎ አልፎ የካፌና የሆቴል ሥራም አገኛለሁ። ሥራ ስጨርስ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ቻናሌ ላይ እለጥፋለሁ። ስልኬ ባለ 50 ሜጋ ፒክስል ቴክኖ ነው። ግቢው በዓይን ሲያዩት ልብ ይሰርቃል፤ ፎቶው ላይ ግን ሰማዩ ነጭ፣ ጥላው ጥቁር፣ ሳሩም ፕላስቲክ ይመስላል። የሚጠይቁኝ ሰዎችም ‹አበባው ስንት ነው?› ይላሉ እንጂ ግቢ ሥራልን የሚሉ ጥቂት ናቸው። የተወሰኑ ፎቶዎች አያይዣለሁ። ካሜራ ልግዛ ወይስ የተሻለ ስልክ?»

ወንድሜ፣ ሁለቱንም አትግዛ። ያለህ ስልክ ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ገንዘቡን ለችግኝና ለውኃ ቱቦ ብታውለው ይሻልሃል። ስለ ሜጋ ፒክስሉ አንድ ነገር ልበልና ልለፈው። ባለ 50 የሚባለው ስልክ በተለመደው መንገድ ሲያነሳ አራት አራቱን ነጥብ አንድ እያደረገ 12 ሜጋ ፒክስል ተኩል ገደማ የሆነ ምስል ያወጣልሃል። ማንም እያጭበረበረህ አይደለም፤ ይህ የሚደረገው ጥላ ያለበት ቦታ ላይ ምስሉ እንዳይሻክር ነው። በዚህ መጠን የተነሳ ፎቶ 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ወረቀት ላይ ጥርት ብሎ ይታተማል። ለቴሌግራምና ለፌስቡክማ ተርፎ ይፈሳል።

ከካሜራው የሚቀድም ሌላ ጉዳይ አለ። ካያያዝካቸው ፎቶዎች አብዛኞቹ አበባ ናቸው፤ ቡገንቪላ በቅርብ፣ ጽጌረዳ በቅርብ፣ ደግሞ ሌላ ቡገንቪላ። አበባ ያሳየኸው ሰው የአበባ ዋጋ ቢጠይቅህ ምን አጠፋ? ቡገንቪላ ድሬዳዋ ውስጥ በየአጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ለማየት ያንተን ቻናል መክፈት አያስፈልግም። ያንተ የሆነው ከውጭው በር እስከ ቤቱ ደጃፍ ያለው መንገድ የሄደበት መስመር ነው። የንጣፍ ድንጋዩና ሳሩ የተገናኙበት ጠርዝ፣ ዝናብ ሲመጣ ውኃው ወደ ቤቱ እንዳይገባ የሰጠኸው ተዳፋት፣ የኒሙ ዛፍ ጥላ የሚያርፍበትን ቦታ አይተህ ያኖርከው መቀመጫም ያንተ ናቸው። ደንበኛ ብር ቆጥሮ የሚሰጥህ ለእነዚህ ነው። ከዚህ በታች ስለ ብርሃን፣ ስለ ሌንስና ስለ ጽዳት የምለው ሁሉ እነዚህ ነገሮች ፎቶው ላይ እንዲታዩ ለማድረግ ነው።

ግቢው ተሠርቶ ሲያልቅ መጀመሪያ የውጭውን በር ከፍተህ ደፉ ላይ ቁምና መላውን ግቢ አንሳ። እንግዳ ሲገባ የሚያየው ይህን ነው። ቀጥለህ በረንዳው ላይ ውጣ፤ ባለቤቱ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጥ፤ ከተቀመጥክበት ዓይንህ ከፍታ ላይ ሆነህ ወደ በሩ አቅጣጫ አንሳ። ይህን ፎቶ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቤተሰቡ ግን ግቢውን በየቀኑ የሚያየው ከዚያ ነው፤ ፎቶህን የሚያየው ሰውም ራሱን እዚያ ወንበር ላይ ያስቀምጣል። ቤቱ ፎቅ ወይም ሰገነት ካለው ከላይ አንድ ጨምር፤ የንድፍህ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ከዚያ ብቻ ነው። ድሮን አትመኝ፤ ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው፤ ለአንድ ግቢ ደግሞ የጎረቤት ሰገነት ይበቃል።

ከዚያ ተንበርከክ። ሰርዶው ከድንጋዩ ጋር የሚገናኝበትን ማዕዘን በክንድ ርቀት ላይ ሆነህ አንሳው። ጠርዙ እንደ ክር ቀጥ ብሎ መሄዱ፣ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለው ክፍተት እኩል መሆኑ፣ ሳሩ ከድንጋዩ በላይ አለማበጡ ይታይ። ግቢ ያሠራ ሰው ይህን አይቶ ያውቅሃል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ፣ ወይም ራስህ ቱቦ ከፍተህ፣ ውኃው ወደ መውረጃው ሲሄድ አንድ ፎቶ ይኑርህ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያደረሰውን የሚያስታውስ ከተማ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ የውኃ መንገድ የሚያስብ ሰው መሆንህን ማሳየት ከጽጌረዳ ይበልጣል።

አሁን ወደ ብርሃኑ። ሰማዩን ነጭ፣ ጥላውን ጥቁር ያደረገብህ ስልኩ አይደለም፤ ሰዓቱ ነው። ሥራ የሚያልቀው ብዙ ጊዜ ረፋድ ላይ ስለሆነ እቃ ከመሰብሰብህ በፊት ፎቶውን ታነሳለህ፤ ገባኝ። ግን ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናትህ ላይ ትቆማለች፤ የቆመ ሰው ጥላ እግሩ ሥር ይገባል። በሌሎቹ ወራትም ቢሆን ከ4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለው ብርሃን ከላይ የሚወርድ ነው። ከላይ የሚወርድ ብርሃን የተደለደለና ያልተደለደለ መሬትን አንድ ያደርጋል። ደረጃውን፣ ጠርዙን፣ ተዳፋቱን ሁሉ ይደመስሰዋል፤ ማለትም የደከምክበትን ነገር። ከጎን ዝቅ ብሎ የሚመጣ ብርሃን ግን እያንዳንዱን ጠርዝ በቀጭን ጥላ ያሰምርልሃል። ማስጠንቀቂያም አለው፦ የሰመጠ ድንጋይ ካለህ እሱንም ያጋልጣል። እኔ ብሆን ሥራውን ከማስረከቤ በፊት ራሴ በዚህ ብርሃን አየው ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከኢንተርኔት የሚያነበው ምክር አለ፤ «ፀሐይ እንደወጣች ወይም ልትጠልቅ ስትል አንሳ» የሚል። ምክሩ ለሜዳና ለመናፈሻ ትክክል ነው። የግንብ አጥር ላለው ለኛ ግቢ ግን እንዳለ አይሠራም። አጥሩ 2 ሜትር ተኩል ከፍታ አለው እንበል። ፀሐይ ከወጣች ከአንድ ሰዓት በኋላ የዚያ አጥር ጥላ 10 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ መካከለኛ ግቢ ሙሉ በሙሉ ይዋጣል። አንድ ሰዓት ቆይተህ ብትመጣ ጥላው ወደ 4 ሜትር ተኩል ይወርዳል። ስለዚህ አጥር ባለው ግቢ ውስጥ የጎን ብርሃን የምታገኘው ፀሐይ አጥሩን ዘልላ ስትገባ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ተመሳሳዩ ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ተኩል ይሆናል። አጥር የሌለው የሆቴል ፊት ለፊት፣ የመንገድ ዳር አረንጓዴ ወይም የትምህርት ቤት ግቢ ከሆነ ግን የኢንተርኔቱን ምክር ተቀበል፤ ፀሐይ እንደወጣች እዚያ ተገኝ። እዚህ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ወርቃማው ብርሃን ግማሽ ሰዓት ከቆየ ብዙ ነው፤ ስልክህን ከኪስህ ስትፈልግ እንዳያልፍህ።

ሁለተኛም አማራጭ አለህ፤ እኔ ለጠባብ ግቢ ይህኛውን አስቀድማለሁ። ፀሐይ ገና አጥሩን ሳትዘልል፣ ግቢው በሙሉ ጥላ ውስጥ ሆኖ ሰማዩ ብቻ ሲያበራው አንሳ። የሚጋጭ ብርሃንና ጨለማ የለም፤ አረንጓዴው በየዓይነቱ ይለያል፤ የድንጋዩ ቀለም እውነተኛ ይሆናል። አንድ ግዴታ ብቻ አለው፦ ሰማዩን ከፎቶው አስወጣ። ስልኩን ትንሽ ከፍ አድርገህ ያዝና ወደ መሬቱ አዘንብለው፤ ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ ሰማዩን እንዲሸፍንልህ ቦታ ምረጥ። ነጭ ሰማይ ዓይን ይሰርቃል፤ ከታች ያለው ሥራህም ይደበዝዛል።

ጠዋትን የምመርጥበት ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ይህንን እንደ ድሬዳዋና እንደ ሐረር ሰው ትረዳኛለህ። ከሰዓት በኋላ ግቢው የበርጫ፣ የጫት ነው። ፍራሽ ይነጠፋል፣ ፔርሙዝ ይደረደራል፣ ሰው ይሰበሰባል፤ አንተም ስልክህን ይዘህ በመካከላቸው ስትዞር ደስ አይልም፤ ለባለቤቱም አያመችም። ጠዋት ነፋሱም አቧራውም ገና አልተነሳም።

ቀትርን ጨርሰህ አትጣለው ግን። አንድ ፎቶ፣ አንድ ብቻ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ አንሳ። ምክንያቱም ድሬዳዋ ውስጥ ግቢ የሚያሠራ ሰው ከአበባ በፊት የሚፈልገው ጥላ ነው። የከዚራን ሰፈር የሚወዱ ሰዎች ሲናገሩ ብትሰማ የሚያነሱት መጀመሪያ የዛፎቹን ጥላ ነው። መቀመጫውን ከኒሙ ሥር ያኖርከው ሙቀቱ ሲበረታ ጥላው እዚያ እንደሚያርፍ አስበህ ከሆነ፣ ያንን የሚያረጋግጥልህ የቀትር ፎቶ ብቻ ነው። አግዳሚው በጥላ ውስጥ ሆኖ ከጎኑ ያለው ንጣፍ በፀሐይ ሲንቦገቦግ ይታይ። ስክሪኑ ላይ መቀመጫውን ንካው፤ ስልኩ ብርሃኑን ለእሱ ያስተካክላል፤ ጀርባው ትንሽ ቢነጣ ግድ የለም። ከሥሩ «ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ግንቦት» ብለህ ጻፍ። ይህን ፎቶ ያየ የሳቢያን ሰፈር ነዋሪ የአበባ ዋጋ አይጠይቅህም።

ለሆቴልና ለካፌ ሥራ ደግሞ የምሽቱ ይሻላል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ እዚህ 20 ደቂቃ ያህል ነው። የግቢው መብራቶች ይብሩ፤ ስልኩን ማቆሚያ ላይ ወይም ወንበር መደገፊያ ላይ አሳርፈው፤ የሦስት ሰከንድ መዘግየት አድርገህ አንሳ፤ እጅህ ስልኩን ሲነካ እንዳይነቃነቅ። ሙሉ በሙሉ ከጨለመ በኋላ የሚነሳ ፎቶ ጥቁር ውስጥ የተበተኑ አምፖሎች ነው፤ ተክሉ አይታይም። ፍላሽ ፈጽሞ አታብራ።

ስልኩን ስለ መጠቀም። ከሁሉ በፊት ሌንሱን ጥረግ። እጅህ አፈርና ማዳበሪያ ሲነካ ይውላል፤ ስልኩ ኪስ ውስጥ ላብ ይነካዋል። ፎቶህ ላይ የሚታየው ጭጋግ መሳይ ነገር ግማሹ ቅባት ነው። መጀመሪያ እፍ በልበት፤ አሸዋው ይሂድ፤ ከዚያ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጥረገው። ቀጥሎ ማስተካከያው ውስጥ ግባና ፍርግርግ መስመሩን አብራ፤ የስልኩ ስም ፎቶው ጥግ ላይ የሚታተመውን አጥፋ፤ ማስዋቢያ የሚባለውንና ትዕይንቱን አይቶ በራሱ ቀለም የሚጨምረውን አሠራርም አጥፋ። ሳሩን ፕላስቲክ ያደረገብህ ይህ ነው። ስልኩ «ተክል ነው» ብሎ ሲያስብ አረንጓዴውን ያለ ልክ ያጎላዋል፤ ሰርዶ፣ ኒምና ዘንባባ ሁሉ አንድ ዓይነት የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ የተነከሩ ይመስላሉ። ደማቅና ጨለማን የሚያመዛዝነው ኤች ዲ አር ግን ይብራ፤ እሱ ለግቢ ሥራ ጠቃሚ ነው።

ስልክህ 0.5 ወይም 0.6 የሚል ሰፊ ሌንስ ካለው ተጠንቀቅበት። ግቢውን ያሰፋዋል፤ እውነት ነው፤ ግን የአጥሩን ምሰሶ ያዘማል፤ ዳር ላይ ያለውን ንጣፍ ይጎትታል። ቀጥ ብሎ የተነጠፈ ድንጋይ ጠማማ ከመሰለ ሥራህን አይሸጥልህም። ከዚያም የባሰው፣ ደንበኛው ግቢውን በአካል ሲያየው «ይህ ነው እንዴ?» ይላል። በዋናው ሌንስ አንሳ፤ ቦታ ካነሰህ ወደ ኋላ ሂድ፤ ጀርባህ ግንብ ከነካ በሁለት ፎቶ ክፈለው። በርካሽ ስልኮች ላይ ለቅርብ ነገር ተብሎ የሚጨመረው ባለ 2 ሜጋ ፒክስል ሌንስ ደግሞ ለቁጥር ማሟያ ነው፤ እርሳው። ቅርብ ነገር ስትፈልግ በዋናው ሌንስ አንድ እርምጃ ርቀህ በ2 እጥፍ አቅርበህ አንሳ። ስልኩን ቀጥ አድርገህ በደረትህ ከፍታ ያዝ፤ ወደ ላይ ካዘነበልከው ግድግዳው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል።

ስክሪኑን ስትነካ አጠገቡ የፀሐይ ምልክት ይመጣል፤ ወደ ላይ ብትጎትተው ያበራል፤ ወደ ታች ያጨልማል። በግቢ ፎቶ ላይ ከዚህ ምልክት የበለጠ የሚጠቅም ነገር አላውቅም። ቡገንቪላውን ውሰድ፤ ይቅርታ፣ አበባ አትሽጥ ብዬህ ተመልሼ ወደ አበባ መጣሁ፤ ግን አንድ ማንሳትህ አይቀርም። ያነሳኸውን ፎቶ አስፍተህ ተመልከተው፦ ቀዩ ሁሉ አንድ ላይ ተላቁጧል፤ ቅጠል የለ፣ ጅማት የለ። ደማቅ ቀይ ለስልክ ካሜራ ከባድ ቀለም ነው። አበባውን ንካና ምልክቱን ቀስ እያልክ ወደ ታች ጎትት። መጀመሪያ የቀዩ ቅጠሎች ጠርዝ ይለያል፤ ቀጥሎ የወረቀት እጥፋት የሚመስሉት ጅማቶች ይመጣሉ፤ በመጨረሻ ሦስቱ ቀይ ቅጠሎች መካከል ያሉት ትንንሾቹ ነጭ አበቦች ብቅ ይላሉ። እውነተኛዎቹ አበቦች እነዚያ ናቸው፤ ቀዩ ቅጠል ነው። እነሱ ሲታዩህ አቁምና አንሳ። ቀይ አበባ የሚያወጣው የድሬዳዋ ዛፍ ባበበ ጊዜም ብልሃቱ ይኸው ነው።

ሐረር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በግንብ በታጠረው በአሮጌው ጀጎል ውስጥ የውስጥ ግቢ ሥራ ብታገኝ ቦታው ጠባብ፣ ግንቡ ብዙ ጊዜ በኖራ የነጣ ነው። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ብሩህነት ሊያመጣው ስለሚሞክር ነጩን ግንብ አመድ ያደርገዋል፤ ማሰሮው ውስጥ ያለውን ተክልም አብሮ ያጨልመዋል። እዚህ ምልክቱን ትንሽ ወደ ላይ ጎትተው፤ ግንቡ ነጭ እስኪሆን፣ ግን የኖራው ሻካራነት እስካልጠፋ ድረስ። በጎ ጎኑን ደግሞ ተጠቀምበት፤ ነጭ ግንብ ብርሃን ይመልሳል። ፀሐይ አንዱን ግንብ ስትመታ ተቃራኒው ጥላ ውስጥ ያለ ተክል በለስላሳ ብርሃን ይሞላል፤ እንዲህ ያለውን ብርሃን የስቱዲዮ ሰው መብራት ተክሎ ነው የሚያገኘው። ጎረቤት ሰገነት ላይ ለመውጣት ካሰብክ ግን እዚያ ቤቱ በቤት ላይ የተደገፈ ነውና የሌላውን ሰው ጓዳ እንዳታይ፤ ከመውጣትህ በፊት ጠይቅ፤ ጮክ ብለህም አሳውቅ።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር። አፕልም ሳምሰንግም ስልኮቻቸው ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለው የአየር ሙቀት እንዲሠሩ መሠራታቸውን ይገልጻሉ፤ የሌሎቹም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬዳዋ ይህን ታልፋለች። ስልኩ ሲግል መጀመሪያ ስክሪኑን ያደበዝዛል፤ አንተም ፎቶው የጨለመ መስሎህ ብርሃን ትጨምርና ታቃጥለዋለህ። በመካከል ጥላ ውስጥ አኑረው፤ ሽፋኑን አውልቅለት። በረዶ ላይ ወይም ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚያስቀምጡ አሉ፤ ውስጡ ጤዛ ይቋጥራልና አታድርገው።

ግቢውን ማዘጋጀት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ካያያዝካቸው ፎቶዎች ምርጡ ከበሩ ላይ ያነሳኸው ነው፤ ነገር ግን ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ጥግ ላይ ባለው ቢጫ ጀሪካን ላይ ነበር። ቢጫ ከአረንጓዴ መካከል ይጮኻል። ጀሪካኑን፣ ቱቦውን፣ የማዳበሪያ ጆንያውን፣ ፌስታሉን፣ የተሰጣውን ልብስ ከፎቶው አስወጣ፤ ሲያልቅ ወደ ቦታው መልስ። የውኃ ሮቶው ጣሪያ ላይ ካለና የማይነሳ ከሆነ አንተ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሂድና በዛፍ ጋርደው። ቅጠሎቹን ዋዜማውን ማታ እጠባቸው፤ የድሬዳዋ አቧራ አረንጓዴውን ግራጫ ያደርገዋል፤ ይህን በፊልተር የሚያስተካክል የለም። ንጣፉን ከማንሳትህ በፊት ማርጠብ የድንጋዩን ቀለም ያወጣል። ማታለል ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አይመስለኝም፤ ድንጋዩ ዝናብ ሲመታው የሚመስለውን ነው የምታሳየው። ግን አንድ ደረቅ ፎቶም አስከትል፤ ደንበኛው በየቀኑ የሚያየው ደረቁን ነው።

በፊትና በኋላ የሚባለው ጥንድ ፎቶ ከሁሉም በላይ ሥራ ያመጣልሃል፤ ብዙው ሰው ግን ያበላሸዋል። የመጀመሪያውን ከአንድ ጥግ፣ ሁለተኛውን ከሌላ ጥግ ያነሳል፤ አንዱ በደመና አንዱ በፀሐይ ይሆናል፤ የሚያየው ሰው አንድ ግቢ መሆኑንም አያምንም። ገና ለልኬት ስትሄድ፣ አካፋ ሳይነካው፣ የማይለወጥ ነገር ፈልግ፦ የበር ምሰሶ፣ የመስኮት ጥግ፣ የቆየ ዛፍ። ምሰሶውን ከፍርግርጉ ግራ መስመር ጋር አገጣጥመው። የቆምክበትን በሜትር ለክተህ ከልኬቱ ጋር ማስታወሻህ ላይ ጻፈው፤ ስልኩን የያዝክበትን ከፍታና ሰዓቱንም። ሥራው ሲያልቅ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሌንስ አንሳ፤ የድሮውን ፎቶ ሌላ ስልክ ላይ ከፍተህ እያመሳከርክ። የመጀመሪያውን አስቀያሚ ለማድረግ ብለህ ቆሻሻ አትበትን፤ ባለቤቱ ቻናልህን ያያል። ከስድስት ወር በኋላ ሦስተኛ ፎቶ ጨምር። አዲስ የተተከለ ግቢ ሁሉ ያምራል፤ የድሬዳዋን በጋ አልፎ የቆመ ግን የሥራ ማስረጃ ነው። ለዚያ ስትሄድ ጥገናም ታገኛለህ።

ሰው ፎቶው ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ? አንድ ሰው ቢኖር ግቢው ስንት እንደሚያክል ይታወቃል። አትክልተኛህ ጀርባውን ሰጥቶ ሲከረክም፣ ወይም እጁ ብቻ ችግኙ ሥር አፈር ሲጠቀጥቅ ጥሩ ነው። ካሜራ እያየ ፈገግ ካለ ግን ፎቶው የእሱ ይሆናል።

ማረም የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ስናፕሲድ የሚባለው ነፃ መተግበሪያ ይበቃሃል። ያዘመመውን አቅና፤ ጥላውን በመጠኑ አብራ፤ የቀለሙን ሙሌት ከመጨመር ይልቅ ትንሽ ቀንስለት። ሰማይ አትቀይር። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ያልተከልከውን ዘንባባ አትትከል። ለደንበኛ «ግቢህ እንዲህ ይሆናል» ብለህ ንድፍ ለማሳየት ከሆነ ተጠቀምበት፤ ፎቶው ላይ ግን «ንድፍ» ብለህ ጻፍበት፤ ከተሠሩ ሥራዎች ጋርም አታደባልቀው። ድሬዳዋ ውስጥ ደንበኛ ባጃጅ ይዞ የለጠፍከውን ግቢ ሊያይ ይሄዳል።

ቪዲዮም ከፈለግክ ከበሩ እስከ በረንዳው በዝግታ የምትሄድበት አጭር ይበቃል፤ ስልኩን በሁለት እጅህ ይዘህ፣ ያለ ሙዚቃ፤ የወፍና የውኃ ድምፅ ካለ ይሰማ።

ወደ መለጠፉ እንምጣ። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ስትልከው ይጨምቀዋል። ለቻናል ይሁን፤ ለሚያትምልህ ሰው ወይም ለትልቅ ደንበኛ ግን በፋይል መልክ ላከው። ነገር ግን ልብ በል፤ በፋይል የተላከ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ ከነጂፒኤሱ ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ያ ደግሞ የደንበኛህ ቤት ነው። የካሜራው ማስተካከያ ውስጥ የቦታ መረጃ የሚለውን አጥፋ። በአንድ ልጥፍ እስከ 10 ፎቶ መደርደር ይቻላል፤ አምስት ወይም ስድስት ግን ይበቃል፤ የመጀመሪያው ሙሉ ግቢው ይሁን፤ አበባው ካለ መጨረሻ ይምጣ። ስልክ ቁጥርህን ፎቶው መሐል አትጻፍ፤ የፎቶ ሌባ ፈርተህ ከሆነ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶንም ይጠብቃል፤ ስምህ ጥግ ላይ በትንሹ ይብቃው።

ከፎቶው ሥር የምትጽፈው «ውብ ግቢ፣ ይደውሉ» ከሆነ ማንም አይደውልም። እንዲህ ዓይነት ነገር ጻፍ፦ «ሳቢያን፣ 120 ካሬ ሜትር ግቢ። የድንጋይ ንጣፍ፣ ሰርዶ፣ ሁለት ኒም፣ አንድ የጥላ መቀመጫ። ውኃ በጠብታ መስመር። ከተተከለ ስድስት ወሩ።» የካሬ ሜትሩን ቁጥር ያየ ሰው ከራሱ ግቢ ጋር ያስተያያል፤ የሚጠይቅህም «የኔ 200 ነው፣ ስንት ይፈጃል?» ይሆናል። ሰፈሩን ጻፍ፤ የቤት ቁጥርና የባለቤቱን ስም አትጻፍ፤ የመኪናውን ሰሌዳም ሸፍን።

ፈቃዱን ደግሞ ከሥራው በፊት ጨርስ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል። ከሕጉም በላይ ግቢ የቤተሰብ ገመና ነው፤ በተለይ ሴቶች በነጻነት የሚውሉበት ግቢ ከሆነ የምትገባበትን ሰዓት እነሱ ይወስኑ፤ የቤቱ ልጆችም ፎቶው ውስጥ አይግቡ። ውልህ ላይ እንዲህ የሚል አንድ መስመር ጨምር፦ «ሥራው ሲጠናቀቅና ከስድስት ወር በኋላ፣ ባለቤቱ በሚመርጡት ሰዓት፣ ሰው፣ የቤት ቁጥርና የመኪና ሰሌዳ የማይታይበት የግቢው ፎቶ አንስቼ ለማስታወቂያ እጠቀማለሁ፤ ከመለጠፌ በፊት ፎቶዎቹን ለባለቤቱ አሳያለሁ።» ባለቤቱ ካልፈለጉ መስመሩን ይሰርዙታል፤ ዋጋህ አይቀየርም።